«ቲቸር ብላለች»

«አባባ፣ ዝም ይበሉ እንጂ። ቲቸር ምን እንዳለች ነገርኩዎት አይደል?» አለች አክስት ኔኒታ።

አያትየው ሎሎ ሶቴሮ የጀመሩትን ተረት እዚያው ዋጡት። ጉልበታቸው ላይ የነበረውን የአምስት ዓመቱን ኢስኮን ቀስ ብለው አወረዱትና መረባቸውን አንሥተው ወደ ባሕሩ ዳር ወጡ። ኢስኮ በሩን እያየ ቀረ።

ሪዛሊን ሳህን እያጠበች ሁሉንም ሰማች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። እናታቸው ሆንግ ኮንግ የሰው ልጅ ስታሳድግ፣ እሷና ወንድሟ ከአያታቸውና ከአክስታቸው ጋር ይኖራሉ። ኢስኮ ከአፉ ቃል የሚወጣው በመከራ ነው። ስለዚህ ሐሙስ ሐሙስ ኢሎኢሎ ከተማ ካለች የንግግር ሐኪም ጋር በኢንተርኔት ይገናኛል። ሁሉም «ቲቸር ሮዌና» ይሏታል።

ሪዛሊን ሴትዮዋን አላመነቻትም። አክስቷ በየሐሙሱ ሁሉንም አስወጥታ ክፍሉን ትዘጋለች፤ ስትወጣ ደግሞ አዲስ ትእዛዝ ይዛ ነው። ቲቸር ብላለች፣ ቤት ውስጥ ከእንግሊዝኛ በቀር እንዳይወራ። ቲቸር ብላለች፣ የአገሩ ቋንቋ ኪናራያ ልጁን ያደናግረዋል። አያትየው ከኪናራያ ሌላ ቋንቋ አያውቁም፤ ትእዛዙ ለእሳቸው አፍዎን ይዝጉ እንደማለት ነበር። ኢስኮ ደግሞ ቃል ይጨምራል ሲባል የነበሩትንም እየተወ መጣ።

ይቺ ምን ዓይነት ሐኪም ናት? ምናልባትም ሐኪም አይደለችም።

አንድ ሐሙስ አክስት ኔኒታ ጥርሷን አሟት ወደ ከተማ ወጣች። «ለቲቸር ዛሬ አይመቸንም ብለሽ ጻፊላት» ብላ ነበር። ሪዛሊን «እሺ» አለች፤ ግን አልጻፈችም። ሰዓቱ ሲደርስ ኢስኮን አጠገቧ አስቀምጣ የስልኩን ቪዲዮ ራሷ ከፈተችው።

መነጽር ያደረገች ወጣት ሴት ብቅ አለች። «አንቺ ደግሞ ማነሽ?»

«እህቱ ነኝ።»

«ጎሽ፣ ዛሬስ አዲስ ሰው አገኘን።»

ሪዛሊን ፈገግ አላለችም። ቲቸር ሮዌና የጀልባ ሥዕል አሳየች። ኢስኮ ጣቶቹን ማየቱን ቀጠለ።

«ቤት ውስጥ ይሄን ምን ትሉታላችሁ?»

ጥያቄው ለሪዛሊን ወጥመድ መሰላት። «በቋንቋችን እንዳናወራው የከለከልሽን አንቺ አይደለሽ እንዴ?»

ቲቸር መነጽሯን አወለቀች። «እኔ? እኔማ የምለምነው ተቃራኒውን ነው። የሚወደው ሰው በራሱ ቋንቋ ያውራው። አያቱን አምጪልኝ ብዬ ስንቴ ጠየቅኩ። አክስትሽ ሁልጊዜ ባሕር ላይ ናቸው ትለኛለች።» ይህን ያለችው ጥርት ባለ ኪናራያ ነበር።

ኢስኮ ቀና አለ።

«ባሮቶ ነው የምንለው» አለች ሪዛሊን ድምፅዋ ዝቅ ብሎ።

«ባሮ» አለ ኢስኮ፣ ሥዕሉን እየነካ። ይህን ቃል ከአፉ ከሰማች ቆይታለች።  ስትፈልጋት የቆየችው ውሸታም ግን በዚህች ሰዓት ከተማ ጥርሷን እያስነቀለች ነበር።

አክስት ኔኒታ ጉንጯ አብጦ ተመለሰች። «ጻፍሽላት?»

«አወራኋት።»

ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ቆመች። «ምን አለችሽ?»

«አንቺ ትላለች ያልሽውን አላለችም።»

አክስቷ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ባበጠ አፏ ቃሎቹ እየተንሻፈፉ ነው የወጡት። «ምን ታውቂያለሽ አንቺ። እኛ ስንማር ክፍል ውስጥ ኪናራያ ከአፉ ያመለጠው ልጅ አንገቱ ላይ የቅጣት ካርቶን ይንጠለጠልበት ነበር። እኔም ተንጠልጥሎብኛል። የክፍሉ ልጅ ሁሉ ሲስቅብኝ ውሏል። ኢስኮ እንዲህ አፉ ተይዞ፣ በዚያ ላይ ካርቶን?»

«አሁን እንደዚያ የሚያደርግ የለም።»

«ይስቁበታል። መሳቅ መቼ ቀረ?» ጉንጯን በመዳፏ ደገፈችው። «በራሴ ብናገር ደግሞ እዚህ ቤት ማን ይሰማኛል? ቲቸር ስል ግን ሁላችሁም ሰማችሁ።» ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ለእናትሽ እንዳትነግሪያት» አለች።

ስልኩ ሪዛሊን እጅ ላይ ነው። ብትደውል እናቷ ከዚያ ማዶ ትጮሃለች፤ አክስቷ ተቀይማ ልትሄድም ትችላለች። እሷ ትምህርት ቤት ስትውል ኢስኮን ማን ይይዘዋል? ባትደውልስ? ነገ ሌላ «ቲቸር ብላለች» ይመጣ ይሆን?

«አሁን አልደውልም» አለች። «ለአያቴ ግን ራስሽ ንገሪያቸው። ዛሬውኑ።»

አክስቷ ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ተነሥታ ወጣች።

ሪዛሊን በመስኮት ተከተለቻት። አክስቷ አሸዋው ላይ ከአባቷ ጎን ተቀመጠች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ነፋሱ ግን ድምፅዋን ወደ ባሕሩ ይወስደዋል። እውነቱን እየነገረቻቸው ነው? ወይስ ሌላ እየፈጠረች? ሽማግሌው ቀና ሳይሉ መረባቸውን ይጠግናሉ። ሪዛሊን የእናቷን ስም ስልኩ ላይ አወጣች፤ አውራ ጣቷ ከላዩ ቆመ።

ሎሎ ሶቴሮ መረቡን አስቀመጡ። ልጃቸውን አዩዋት። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ቤቱ አዙረው፣ ሰፈሩ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ፣ በኪናራያ፣ «ኢስኮ፣ ና ወዲህ፣ ተረቱን አልጨረስነውም» አሉ።

ሪዛሊን ስልኩን ኪሷ ከታ ለወንድሟ በሩን ከፈተችለት።