ሙቅ ውሃ በቀትር

ዝናሽ ልጆቿ ሳይነሱ ማድቤት ትገባለች። እሳቱን ታያይዝና የትናንቱን አመድ ከምድጃው ዝቃ ቂጡ የተበሳሳ አሮጌ ባልዲ ውስጥ ትሞላዋለች፣ ከላይ ውሃ ትለቅበታለች፣ ከዛ ውሃው በአመዱ ውስጥ ሰርጎ ከስር ካለው ድስት ላይ ጠብ ጠብ ሲል ጉንጯን ይዛ ቁጭ ብላ ትሰማለች። ያ ቡናማ የአመድ ውሃ ከከብት ሞራ ጋር ሲፈላ ሳሙና ይሆናል። ልብስ የምታጥበው በእንዶድ ነው፣ ሳህን የምትፈትገው በግራዋ ቅጠል፣ ወለሉን በሎሚ ልጣጭ። ከሱቅ የተገዛ ነገር ቤቷ ውስጥ ቢፈለግ የሚገኘው ክብሪት ነው፤ እሱንም ጎረቤቷ እትዬ ጠጂቱ፣ ድንጋይ አጋጭታ እሳት ማውጣት ስላልቻለች ነው እንጂ ትተወው ነበር እያሉ ያሟታል።

እንዲህ ያረጋት ሌላ ነገር አይደለም፣ የትንሿ ልጇ የሶልያና ደረት ነው። አዲስ አበባ እያሉ ትምህርት ቤቱ ክፍሉን በበረኪና ባጠበ ቁጥር ልጅቷ ትንፋሿ እንደ ተቀደደ ወናፍ እያፏጨ ትመጣለች፤ አንድ ቀን ግን ከንፈሯ ጠቁሮ በሰው እቅፍ መጣች። ከዛ ወዲህ ዝናሽ ሶልያናንም ታላቅ ወንድሟን ናኦድንም ከትምህርት ቤት አወጣችና፣ ሆለታ ዳር፣ ባህር ዛፉ ስር፣ ሰፊ ግቢ ያለው ቤት ተከራይታ እራሷ ማስተማር ጀመረች። ባሏ መክብብ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ከቤት ይልቅ መኪናው ውስጥ ነው የሚኖረው። ነገሩን የተስማማው እየከነከነው ነው። እስከ መስከረም ልጅቷ ካልተሻላት፣ ናኦድም አጥርቶ ካላነበበ፣ አዳማ እህቱ ጋ ይሄዳሉ ብሏል። እህትየው ደሞ ልጅ የላትም፤ እነዚህን ልጆች ስታይ አይኗ እንዴት እንደሚሆን ዝናሽ ታውቃለች። ልጆቼን ሌላ ሴት ከምታሳድግብኝ አፈር ይብላኝ ትል ነበር።

ትምህርቱ ሳሎን ነው። አሮጌ በር ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ሰሌዳ ሆኗል፣ መስኮቱ ወደ ጓሮ ያያል። እሷ አንድ መስመር ታነባለች፣ ልጆቹ ተቀብለው ይደግማሉ። ናኦድ ከግማሽ በኋላ አፉን ብቻ ነው የሚያንቀሳቅሰው፤ ያን ታውቃለች፣ እንዳላወቀ ትሆናለች። ለቀትር ትንሽ ሲቀረው ቁጭ በሉ ብላቸው ሳሙናዋን ልታይ ማድቤት ትሮጣለች፤ እዛው ቆይታ ስትጨርስ የድስቱን እጣቢ ከማድቤቱ ጀርባ ያለው የአመድ ክምር ላይ ትደፋዋለች።

እትዬ ጠጂቱ ይቺን አዩ። ሰው ከእንዶድ ወደ ሳሙና ሲሄድ አንቺ ወደ ኋላ ትነጃለሽ እያሉ በአጥሩ ላይ ሲቀልዱባት ቆይተው፣ ድስቱን አንስታ ወደ ክምሩ ስትሄድ ጊዜ ፊታቸው ተለወጠ።

"አንቺ ልጅ፣ በቀትር ሙቅ ውሃ ስትደፊ በስመ አብ በይ እንጂ። ድምጽ አሰሚ፣ ዞር ይበሉልሽ። እነሱም እኮ ልጆች አሏቸው።"

"እነማን ናቸው እነሱ፣ እትዬ?"

"እኔ ስማቸውን አልጠራም። ማስተማር የምትወጂው አንቺ፣ ሂጂና ስም ጥሪ።"

ዝናሽ ሳቀች። በበረኪና ልጇን ሊገድሉባት የነበሩት የተማሩ ሰዎች ናቸው፣ አሁን ደሞ ያልተማሩት አመድ አትንኪ ሊሏት ነው። ፀሐይ አናት ላይ ቆማ ጥላ ሁሉ ከእግር ስር ገብቶ ተደብቋል፤ ወፍ የለ፣ ውሻ የለ፣ ባህር ዛፉ እንኳን ቅጠሉን ሰብስቦ ዝም ብሏል። የሚፈላውን ድስት በጨርቅ ይዛ ምንም ሳትል ዘረገፈችው።

እንፋሎቱ ነጭ ሆኖ ተነሳ። ከስሩ አንድ ድምጽ ወጣ፤ ጩኸት አይደለም፣ የተኛ ሰው ሳያስበው ሲነኩት እንደሚያወጣት ያለች "እህ" ናት። ከዛ ወደ ታች፣ ከአመዱ ሆድ ውስጥ፣ ጫጩት የሚመስል ቀጭን ቀጭን ነገር ተንጫጫ፣ ተንጫጫና አንዱ ዝም አለ፣ ሌላውም ዝም አለ፣ በመጨረሻ የቀረችዋ ብቻዋን ትንሽ ቆይታ እሷም ተወችው። የእርጥብ አመድ ሽታ መጣ፣ ከሱ ስር የበግ ጭንቅላት ሲለበለብ ያለው የጸጉር ሽታ። ዝናሽ ድመት የወለደችበት መሰላት። በእንጨት ቆፈረችው። አመድ ነው። ውሃ ሲሰርግ ይንጫጫል ብላ እራሷን አሳምና ገባች።

የሚቀጥለው ቀን ትምህርት ላይ ነው የሰማችው። "ላሟ ከሜዳ ተመለሰች" አለች፤ ልጆቹ "ላሟ ከሜዳ ተመለሰች" አሉ፤ እነሱ ከጨረሱ በኋላ፣ ከማድቤቱ ጀርባ፣ ጉሮሮው እርጥብ ጨርቅ የዋጠ የሚመስል ድምጽ ቀስ ብሎ፣ ቃሉን እየዳበሰ፣ "ላሟ... ከሜዳ... ተመለሰች" አለ። የሰፈር ጎረምሳ እየቀለደባት መስሏት ዱላ ይዛ ወጣች። ማንም የለም። የአመዱ ክምር ላይ ግን ሰው ተቀምጦበት የተነሳ የሚመስል ጎድጓዳ አለ፤ እጇን ብታስገባበት፣ ሰው አሁን እንደለቀቀው ፍራሽ ይሞቃል።

ከዛ በኋላ ድምጹ አልቀረም። በየቀኑ ይደግማል፣ በየቀኑም ይሻሻላል። ቃል መዳበሱን ተወ፣ እርጥበቱ ከጉሮሮው ደረቀ፣ ልጆቹን ስትቆጣ እንኳን ቁጣዋን ተቀብሎ ይለዋል። ልጆቹን እየሰማችሁ ነው ወይ ስትላቸው እርስ በርስ ተያዩ፤ ሳያስፈራቸው እሷ ለምን ታስፈራቸዋለች ብላ ተወችው።

አንድ ጠዋት አዲስ ገጽ ስትገልጥ ናኦድ አዛጋ። ይሄን እኮ ትናንት ጨርሰናል አላት። የት ጨረስን ብላ ልትቆጣ ስትል ልጁ ገጹን ከላይ እስከ ታች፣ አንድ ቦታ ሳይደናቀፍ፣ እንደ ወንዝ አነበበው። ዝናሽ ደስታውንም ፍርሃቱንም ይዛ ዋለች። ማታ ለመክብብ ደውላ ልታወራለት ስትጀምር ሳቀ። በቀትር ደውለሽ ነግረሽኝ የለ እንዴ አላት፤ ድምጽሽ ጎርንኖ ነበር፣ ጉንፋን ነው ወይስ ያ የሞራሽ ጭስ? በቀትር ስልኳ ሳሎን ልጆቹ ጋ ነበር፤ እሷ ማድቤት ሞራ ስታማስል ነበር።

እዛ ማድቤት ውስጥ የምትቆይበት ሰአት ደሞ እንዴት እንደሚያልፍ አይገባት ጀመር። እሳቱን ስታይ ትጀምራለች፣ ቀና ስትል አልፏል። ሳትቆርጠው የተወችው ሳሙና ተቆርጦ፣ ከሷ እጅ ይልቅ ለስልሶ ተደርድሮ ታገኘዋለች። ሶልያና ጸጉሯ ተሰርቶ ታገኛታለች፤ ጠባብ፣ ጭንቅላት ላይ እንደ ጉንዳን መንገድ የሚሄድ፣ ዝናሽ የማትችለው ሹሩባ። የልጅቷ ትንፋሽ ግን ጸድቷል፤ ማታ ደረቷ ላይ ጆሮዋን ብታስጠጋ ፉጨት የለም። ከአንገቷ ስር ግን አመድ አመድ ትሸታለች።

"ማነው የሰራሽ?" አለቻት።

ሶልያና ቀልድ መሰላት። "አንቺ።" ከዛ የእናቷን እጅ ይዛ አገላበጠችው፣ መዳፉንም ጀርባውንም አየችው። "ማሚ፣ የተቃጠለው እጅሽ ማታ ማታ ይድናል እንዴ?"

ዝናሽ እጇ ተቃጥሎ አያውቅም።

እትዬ ጠጂቱ ጋ ሄደች። ሴትዮዋ በራቸውን ሲከፍቱ ቀልድ የሚባል ፊታቸው ላይ የለም፤ መጀመሪያ ያዩት እጇን ነው፣ ከዛ አንገቷን፣ ከዛ ነው አይኗን። በቀትር አመዱ ላይ ቆመሽ አየሁሽና ጠራሁሽ አሏት፤ ዞር አልሽ። ምን አዩ ብትላቸው፣ ከዛ ወዲህ ወደ ግቢሽ የሚያየውን መስኮት በምስማር ዘግቼዋለሁ ብቻ አሉ። ምን ላርግ ብላ ለመነች።

"የሷን ልጆች ወስደሽባታል፣ ልጄ። ምን እንደምትፈልግ ለእናት ይነገራል?"

ያን ማታ ዝናሽ የማታረገውን አረገች። መክብብ ጋ ደውላ ልጆቹን ነገ ና ውሰድልኝ፣ አዳማ አድርሳቸው፣ እህትህ ታሳድጋቸው አለችው። መክብብ ግራ ገባው፣ እሺ፣ በምሳ ሰአት እደርሳለሁ አለ። ልብሳቸውን በሻንጣ አርጋ በሩ ስር አስቀመጠች፤ ሌሊቱን በሁለቱ መሃል ተኝታ አንዱን በቀኝ አንዷን በግራ እጇ ጨብጣ አደረች።

ሲነጋ እሳት አላነደደችም። ማድቤቱን ቆለፈችው። ልጆቹን አይኗ ስር አስቀምጣ፣ ባሏ እስኪመጣ ዝም እንዳይሏት ብላ፣ መጽሐፉን ገልጣ ማንበብ ጀመረች። እሷ ታነባለች፣ ልጆቹ ይደግማሉ፣ ከጀርባ ድምጹ ይደግማል። ፀሐይዋ እየወጣች በሄደች ቁጥር ድምጹ ቀደም ቀደም አለ። ከልጆቹ ኋላ የነበረው ከልጆቹ እኩል ሆነ። ከልጆቹ እኩል የነበረው ከሷ እኩል ሆነ። ከዛ፣ ጥላው ከወንበሩ ስር ሲገባ፣ መስመሩን ለማንበብ አፏን ስትከፍት፣ ከጓሮ ቀድሞ ተነበበ፤ ድምጹም የሷ ነው፣ ጠዋት ከእንቅልፏ ስትነሳ ያለው፣ ትንሽ የጎረነነው። ልጆቹም ተቀብለው ደገሙት፣ ወደሷ ሳያዩ።

መጽሐፉ ላይ መስመሩን ፈለገች፤ ቀና ስትል የሶልያና ወንበር ባዶ ነው። ከማድቤቱ ጀርባ የልጅቷ ሳቅ መጣ።

ናኦድን እንዳትነሳ ብላው ወጣች። ግቢው በብርሃን ነጥቷል፣ አይን ያማል፣ የገዛ እግሯ ኮቴ እንኳን አይሰማም። አመዱ ጋ ማንም የለም። ጎድጓዳው አለ፤ ከድሮው ጠልቋል፣ ልጅ ትገባበታለች። "ሶሊ" ብላ ገባችበት፣ በሁለት እጇ ዛቀችው፣ ሙቀቱ እስከ ጉልበቷ ወጣ፣ ዱቄቱ ጉሮሮዋ ውስጥ ገብቶ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተቀመጠ። የሳሎኑ በር መቀርቀሪያ ከውስጥ ሲገፋ የሰማችው እዛ ተንበርክካ እያለች ነው።

"እሺ፣ የት ነበርን?" አለ የሷ ድምጽ ከሳሎን። ናኦድ ነገረው። ሶልያናም ነገረችው፣ ሁለቱም ውስጥ አሉ።

ወደ መስኮቱ እንዴት እንደደረሰች አታውቅም። ሰሌዳው ጋ ጀርባዋን የሰጠች ሴት ቆማለች፤ ቀሚሱ የሷ ነው፣ ሻርፑ የሷ ነው፣ ከሻርፑ በታች፣ አንገቷ ላይ፣ ቆዳው እንደ ተላጠ ድንች ነው። መስታወቱን በሁለት እጇ መታችው፤ አመድ ተበተነ፣ ድምጽ የለም። ልጆቼ ልትል አፏን ከፈተች፤ የወጣው ሴትዮዋ አሁን ያነበበችው መስመር ነበር፣ ቀስ ብሎ፣ እየዳበሰ፣ ከልጆቹ በኋላ።

የመኪና ጥሩንባ ሰማች። ሴትዮዋ መቀርቀሪያውን ከፈተችለት፤ መክብብ ገባ፣ በሩ ስር ያለውን ሻንጣ አየ፣ ሴትዮዋን ጉንጯን ሳማት። አዳማ እንሂድ ወይ ሲላት፣ በጎረነነው ድምጽ፣ ሀሳቤን ቀየርኩ፣ ልጆቼ የትም አይሄዱም አለች። የሶልያናን ደረት አዳመጠ፣ ናኦድ አነበበለት። አባትየው አይኑ እምባ አቀረረ፤ ሻንጣውን እራሱ ፈታው።

ፀሐይዋ ከዝናሽ አናት ላይ አልወረደችም። እዛው ቆማለች፣ ነጭ ሆና፣ ጥላም የለ። ከመስታወቱ ወዲያ ግን ገጹ ይገለጣል፣ ሳሙናው ይደረደራል፣ የናኦድ ሱሪ እያጠረ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ወጥቷል፣ የሶልያና ጥርስ ወልቆ በቅሏል። ሴትዮዋ ስታነብ ልጆቹ ይቀበላሉ፣ እነሱ ሲጨርሱ ዝናሽ ትቀበላለች፤ ሌላ የምትለው የላትም።

ከዛ በአንዱ ቀን ሶልያና ከወንበሯ ተነስታ መጥታ፣ አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጥፋ፣ ፊት ለፊት፣ አይን ላይን አየቻት፤ ቆየችና መጋረጃውን በቀስታ እየሳበች ወደ ውስጥ፣ "ማሚ፣ ያቺ አመድ ላይ የምትቆመው ሴትዮ ዛሬም መጥታለች" አለች።