የእልፍነሽ ወንበር

አቶ ንጋቱ ሽብሩ ቁርሳቸውን በልተው እስኪጨርሱ ሸማኔው አርባ ስድስት ፊልሞች ሠርቶ ጠበቃቸው። ድሬዳዋ ፀሐይ በሚከልል የጥላ ጣሪያ ከተሸፈነች ወዲህ በየማለዳው እንዲሁ ነው። «ሸማኔ» ሕዝቡ ለፊልም ሠሪው ማሽን ያወጣለት ስም ነው፤ ተዋናይ ሳይቀጥር፣ ካሜራ ሳይተክል፣ ፊቱንም ድምፁንም ራሱ ፈትሎ ይሸምነዋል። የአቶ ንጋቱ ሥራ ዓይነ መዝገባቸውን አጥልቀው የተሸመነውን ማየትና መመዘን ነበር። ዓይነ መዝገብ የተመልካች ዓይን የት ላይ እንዳረፈ፣ ምን ያህል እንደቆየም የሚመዘግብ ስስ መነጽር ነው።

አሥረኛው ፊልም ላይ ሠርግ ነበር። ሙሽራው ከጠረጴዛው ጫፍ ወዳለው ባዶ ወንበር ጎንበስ አለና፣ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ብሎ ጠየቀ። ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ መልስ እንዳገኘ ሰው ዓይኑ እንባ አቀረረ።

አቶ ንጋቱ ወደ ወንበሩ ቀረብ ብለው አዩ። ትናንት ወንበሩን ያዩት ፍርድ ቤት ውስጥ ነበር፤ ከትናንት ወዲያ በጠፈር መርከብ ውስጥ። ሁልጊዜ ያው ወንበር ነው፤ እግሩ ቀጭን፣ መደገፊያው በገመድ የተጠለፈ።

«አቦ ጋሼ፣ አገኘሁት!»

የሸማኔውን ብልሽት የምትከታተለው ኒዕመት በሩን በክርኗ ገፍታ ገባች። እንደ ልጃቸው ያዩዋታል፤ እሷም እንደ ልጅ ትቀልድባቸዋለች።

«ማሽኑን ጂኒ የያዘው መስሎኝ ነበር» አለች። «ለካ የያዙት እርስዎ ነዎት!»

ሸማኔው ከስድስት ሳምንት ጀምሮ የአቶ ንጋቱን የአርባ ሦስት ዓመት ሒስ እየተማረ ነበር። በመጪው ዓርብ ሚዛናቸው በማሽኑ ላይ ለዘለቄታው ይታተማል፤ ከዚያ በኋላ እሳቸው ቢሞቱ እንኳ በአገሩ የሚሠራው ፊልም ሁሉ በእሳቸው ዓይን ይዳኛል። ለአንድ ሐያሲ ከዚህ የሚበልጥ ክብር የለም። አቶ ንጋቱ ደግሞ ልጅ አልወለዱም፤ ለእሳቸው ዘር መተካት ማለት ይኸው ነበር።

ኒዕመት በእጇ ከያዘችው ሰሌዳ ላይ አነበበች። «‹እኅትየዋን ሆና ከተጫወተችው ልጅ ይልቅ ባዶ ወንበር ቢቀመጥ ይሻል ነበር።› የእርስዎ ነው?»

«ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር» አሉ አቶ ንጋቱ ቀስ ብለው። ያኔ ፊልም የሚሠራው ገና በሰው ነበር። ያቺ ዓረፍተ ነገር ከተማውን አስቃለች፤ የእሳቸውንም ስም ያስጠራችው እሷ ናት።

«ማሽን ቀልድ የት ያውቃል? ጋሼ ይሻላል ካሉማ ይሻላል አለና፣ ዝምተኛ ሴት ባለችበት ሁሉ ወንበር አስቀመጠ።»

«ታዲያ አጥፊያት!»

«አንድ መስመር ናት፤ ባጠፋት ማንም አያውቅም። ግን መጀመሪያ ይህን ይዩልኝ።»

ንጋቱ ያንን ፊልም ያዩበት ቀን የዓይናቸው መዝገብ ነበር። ዓይነ መዝገብ ገና ሲሞከር አጥልቀው ከነበሩት ወጣቶች አንዱ ንጋቱ ነበሩ። ግድግዳው ላይ አሮጌው ፊልም ተከፈተ፤ የወጣቱ ዓይን ያረፈበትን ቦታ አንዲት ቀይ ነጥብ ታሳያለች። ልጅቱ ከጠረጴዛው ጫፍ ተቀምጣለች። የወንድሟን ሞት ሲያረዷት አልጮኸችም። የጨው ዕቃውን ክዳን ከፈተች፤ ወደ ውስጥ አየች፤ መልሳ ገጠመችው። ሌሎቹ ደረት እየደቁ ተነሡ፣ በሩ ተበረገደ፣ ሰው ገባ። ቀይዋ ነጥብ ከልጅቱ ላይ አልተነቃነቀችም። ልጅቱ በፊልሙ ላይ የታየችው ለአሥራ አንድ ደቂቃ ነው፤ አሥራ አንዱንም ደቂቃ ነጥቧ እሷው ላይ ነበረች።

አቶ ንጋቱ አስታወሱ። ሒሱን ሲጽፉ መጀመሪያ እውነቱን ጽፈው ነበር። ከዚያ የወንበሯ ቀልድ መጣችላቸው። ያማረች ነበረች። እውነቱን ሰረዙት።

«ዓይኑና ብዕሩ የተጣሉበት ሐያሲ አይታተምም፤ ሕጉን ያውቃሉ» አለች ኒዕመት፣ አሁን ሳትቀልድ። «ማጣራቱ ነገ ነው። ላጥፋት?»

«ቆይ። መጀመሪያ ልደውልላት።»

እኅትየዋን የተጫወቱት እልፍነሽ ቱሉ ከዚያች ፊልም በኋላ ዳግም አልተወኑም። አሰላ ላይ መድኃኒት ቤት ከፍተው ኖሩ፤ ዛሬም እዚያው ናቸው።

«ንጋቱ ሽብሩ ነኝ፤ ሐያሲው» አሉ አቶ ንጋቱ ስልኩ ሲነሣ።

 

«ወንበሩን አይተህ ነው» አሉ ወይዘሮ እልፍነሽ። «እኔ እንኳ በመጀመሪያው ቀን ነው ያወቅሁት። ያቺን ቃልህን በቃሌ ይዣታለሁ። የልጅ ልጆቼም ወንበሩ ብቅ ሲል ‹ዝም በሉ፣ እማማ መጣች!› ይባባላሉ።»

«ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው። ዛሬ እናጠፋዋለን።»

«ምኑን?»

«ወንበሩን።»

«ሁለተኛ ልታስወጣኝ?» ሳቁ። «አንዲት ፊልም ብቻ ነበረችኝ። በስድስት ሳምንት ስንት መቶ ተወንኩ መሰለህ! ያዋዩኛል፣ ይማከሩኛል፣ ያለቅሱብኛል።» ሳቃቸው ቆመ። «ይልቅ አንድ ነገር ንገረኝ። አርባ አንድ ዓመት ልጠይቅህ ስፈልግ ኖሬአለሁ። እንዴት ነበርኩ?»

ለአቶ ንጋቱ ወዲያው ሁለት ዓረፍተ ነገሮች መጡላቸው፤ ሁለቱም ያማሩ። ሁለቱንም ዋጧቸው።

«ዓይኔን ከእርስዎ ላይ ማንሣት አልቻልኩም» አሉ። «የጻፍኩት ውሸት ነው፤ ውሸት መሆኑንም ስጽፈው አውቅ ነበር።»

 ከስልኩ ወዲያ ማዶ የመድኃኒት ብልቃጥ ክዳን ሲከፈትና መልሶ ሲገጠም ብቻ ተሰማ።

መስመሯ አልተሰረዘችም። በማግስቱ አጣሪዎቹ የዓይናቸውንና የብዕራቸውን ጠብ አገኙት፤ ዓርብ ዕለትም ማኅተሙ ቀረ። አቶ ንጋቱ በልማዳቸው ማለዳ መጥተው ተቀመጡ። ኒዕመትን የለመኗት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱንም ሠርታዋለች። የማለዳው የመጀመሪያ ፊልም ሲያልቅ ከተሸመኑት ስሞች ሁሉ በታች አንድ የሰው ስም ወጣ፤ «ባዶው ወንበር፦ እልፍነሽ ቱሉ»።

ቀጣዩ ፊልም ተጀመረ። የራት ገበታ ነው፤ ቤተሰቡ ይጨቃጨቃል። ከወንበሩ ፊት ለፊት ጠረጴዛው ላይ ማንም ያላዘዘው የጨው ዕቃ ተቀምጧል። ክዳኑ የሰው እጅ ሳይነካው ከፍ አለ።

«ይኼ ደግሞ ከየት መጣ?» አለች ኒዕመት ወደ መቆጣጠሪያው እየተንጠራራች። «ላርመው እንዴ ጋሼ?»

አቶ ንጋቱ እጇን ያዙት።

«ዝም በይ» አሉ፤ «መጣች።»