ሁለት አሽሟጣጮች በቤተ መንግሥቱ ግቢ

«ጢሙ እኮ የተለጠፈ ነው!» አለች ዳኦን ጮክ ብላ።

የሰማት አልነበረም። ከበሮው ይመታል፤ ቀይና ሰማያዊ የለበሱት የበር ጠባቂዎች ሰንደቃቸውን ይዘው ተራ ይቀያየራሉ፤ ሰው ሁሉ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይቀርጻል። የአንደኛው ጠባቂ ጢም በግራ በኩል ተላቆ ነፋስ ያወዛውዘዋል። ሌላ ቀን ቢሆን ይህን ስታይ ጓደኛዋን ቦሚን በክርኗ ጎሸም ታደርጋት፣ ቦሚም በሳቅ ትፈርስ ነበር። ዛሬ ግን አጠገቧ ያለው የአንድ ቱሪስት የጀርባ ቦርሳ ብቻ ነው።

«ቀሽም!» አለች ለቦርሳው፣ ወደ ውስጥም ገባች።

ዳኦን አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ተወልዳ ያደገችው ሴኡል ስለሆነ፣ ግዮንግቦክ ቤተ መንግሥት ለእሷ አውቶቡስ የምትቀይርበት ፌርማታ እንጂ ቅዳሜን የምታጠፋበት ቦታ አይደለም። ያመጣት የታሪክ መምህሩ የሰጣቸው የቤት ሥራ ነው። አራት አራት ሆነው አንድ ቤተ መንግሥት መጎብኘት፣ አንድ ላይ መጻፍ፣ አንድ ላይ ክፍል ፊት ማቅረብ አለባቸው። ትናንት ቦሚ የቡድኑ ቻት ላይ «ሃንቢን ጉንፋን ጥሏታል፤ የነገው ቀርቷል» ብላ ጻፈች። ጂዩል የሚያለቅስ ፊት ለጠፈችበት። ዳኦን አልመለሰችም። እንዲያውም ግልግል ነው ብላ ደስ አላት።

ምን ይረቧታል? ሃንቢ የነገሥታቱን ስም ጥሪ ብትባል የዘፋኞች ስም ነው የምትደረድረው። ጂዩል ፎቶ ስታነሳ ሁልጊዜ ጣቷም አብሮ ይነሳል። ቦሚ ደግሞ፣ ምንም እንኳ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ ጓደኛዋ ብትሆን፣ ባለፈው ሳምንት የጽሑፉን መግቢያ ብላ ይዛው የመጣችው ነገር ለጉድ ነበር። ዳኦን ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበችውና «ይሄን የጻፈው ታናሽ ወንድምሽ ነው?» አለች። ማንም አልሳቀም። ቦሚ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ቀልድ እንኳን አይገባቸውም!

ስለዚህ ዳኦን ሁሉንም ነገር ብቻዋን ሠርታ፣ የራሷን ስም ብቻ ጽፋ ለመምህሩ ልትሰጥ ነው። ሰኞ ዕለት የሦስቱን ፊት ለማየት ከአሁኑ ቸኩላለች።

ትልቁ ግቢ ውስጥ ስትገባ ንቀቷ ምግብ አገኘ። ሃንቦክ የሚባለውን የጥንት የአገር ልብስ ለለበሰ ሰው መግቢያው ነጻ ስለሆነ አገሩ ሁሉ ተከራይቶ ለብሷል። የንግሥት ቀሚስ ከጭቃማ ስኒከር ጋር። አንድ ግዙፍ ፈረንጅ የንጉሥ ልብስ አጥልቆ፣ የንጉሡን ባርኔጣ ወደ ኋላ ገልብጦ፣ አይስክሬም ይልሳል፤ ከአይስክሬሙም ግማሹ ደረቱ ላይ ያለው የወርቅ ዘንዶ ላይ ፈስሷል። ዙፋኑ ያለበት አዳራሽ በር ላይ ደግሞ ሰው እንደ አውቶቡስ ተራ ይጋፋል። ሁሉም በሰው ትከሻ ላይ እጁን አሾልኮ ፎቶ ያነሳና ዞር ይላል። ዙፋኑን በዓይኑ ያየ አንድም አልነበረም።

«ፋራ ሁላ!» አለች ዳኦን። አሁንም የሰማት የለም። ጥሩ ጥሩ ሽሙጥ ሰሚ አጥቶ ሲባክን ያሳዝናል። ትንሽ እንደ መድከም አላትና ኩሬው አጠገብ፣ ቅጠሉ ቢጫ የሆነ ዛፍ ሥር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ወንበሩ ላይ ሐምራዊ ሰደርያ የለበሱ አንዲት አሮጊት ነበሩ።

«ያቺን ተመልከቻት» አሉ፣ ሰላም እንኳን ሳይሏት። በአገጫቸው የጠቆሙት ስልኳን ዘንግ ላይ ሰክታ ብቻዋን የምትሽኮረመም ሴት ነበረች። «ለማን ነው የምትገለፍጠው? ለዘንጉ?»

ዳኦን ሳታስበው ሳቀች። «እሷስ ትሻላለች፣ እማማ። ያንን ንጉሥ አይተውታል? አይስክሬሙን ለዘንዶው የሚያጎርሰውን?»

«አይቼዋለሁ! ንግሥቱ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?»

«አገር ጥዬ እጠፋለሁ!»

አሮጊቷ ጉልበታቸውን በመዳፋቸው እየመቱ ሳቁ። ስማቸው ኦክቡን ነው። ከደቡብ፣ ከሄናም፣ ከመንደራቸው ሴቶች ማኅበር ጋር በአውቶቡስ መጥተው ነው።

«ይሄን ሰደርያ ለሁላችንም ያስለበሱን እንዳንጠፋ ነው አሉ» አሉ ጨርቁን በሁለት ጣት አንሥተው። «ቀይ ሥር መስለን ከምንታይ ብንጠፋ ይሻል ነበር።»

«ታዲያ ሌሎቹ የት አሉ?»

«እዚያ ማዶ ይንጫጫሉ። ነይ ነይ ብለው ለመኑኝ፤ እምቢ አልኩ። አንዷ ድንጋይ ባየች ቁጥር ትዘፍናለች። አንዷ ልጇ የገዛላትን ነጭ ጫማ ስታወራ መንገዱ አለቀ። ከነሱ ጋር ከመዞር ከዳክዬ ጋር መዞር ይሻላል።»

«የኔም ጓደኞች እንደዚያው ናቸው» አለች ዳኦን። «ስለዚህ ብቻዬን መጣሁ።»

«ጎሽ! አንቺ ጭንቅላት አለሽ።»

ዳኦን ፊቷ በራ። ለካ ቀኑን ሙሉ ስትፈልገው የነበረው ይሄንን ነው። ተጠጋግተው ተቀመጡና አላፊ አግዳሚውን አንድ በአንድ ለቀሙት። የሚያዛጋውን አስጎብኚ፣ ተመሳሳይ ሹራብ የለበሱትን ጥንዶች፣ ለውሻው ሃንቦክ ያለበሰውን ሰውዬ፤ ማንም አልተረፈም።

«እነዚያን ሦስቱን ደግሞ እያቸው» አሉ ኦክቡን። «እንደ በዓል የሩዝ ኬክ ተጠቅልለው! አረንጓዴዋ ቀሚሷን ረግጣ በአፍጢሟ ልትደፋ ነው።»

ዳኦን መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ አየች።

አረንጓዴዋ ሃንቢ ነበረች። ጉንፋን እንኳን ሊጥላት፣ በአጠገቧም ያለፈ አይመስልም። ጂዩል ስልኳን ይዛ ትቀርጻለች። ቦሚ ቢጫ ለብሳ፣ ፀጉሯን በቀይ ጥብጣብ ጎንጉና፣ በውሃው ላይ የቆመውን ሰገነት በእጇ እያሳየች እንደ ዜና አንባቢ ታስረዳለች። አንድ ቃል ተሳሳተችና ሦስቱም በሳቅ ተያያዙ።

«ታውቂያቸዋለሽ እንዴ?» አሉ ኦክቡን።

«አላውቃቸውም።»

ጆሮዋ ጋለ። ስልኳን አወጣችና ሦስቱን አንድ ላይ አነሳቻቸው። ፎቶው ጥርት ብሎ ወጣ። ለመምህሩ መላክ ብቻ ነው የቀረው። ብቻዋን ጥለዋት በሌለ ጉንፋን የሸወዷት ውሸታሞች እነሆ! አውራ ጣቷ ስልኩ ላይ እንዳለ ኦክቡን ሳል ያዛቸው። ሳሉ አልቆም ሲል ዳኦን ስልኳን ኪሷ ከትታ «ውሃ ላምጣልዎት» ብላ ተነሣች።

የውሃ መሸጫው ማሽን አጠገብ ሐምራዊ ሰደርያ የለበሱ ሴቶች ተሰብስበው ነበር።

«ኦክቡንስ? ምሳ ልንሄድ አይደል?» አለች አንዷ።

«ተያት ባክሽ!» አለች ነጭ ጫማ ያደረገችው። «ሾርባው ቀዘቀዘ፣ ሩዙ ጠጠረ ስትል ነው የምትውለው። አንድ ቀን እንኳን በሰላም ልብላ።»

«ኧረ ታሳዝናለች፣ ብቻዋን…»

«እኔስ አላሳዝንም? ልጄ የገዛልኝን ጫማ በሰው ፊት የሬሳ ጫማ ይመስላል ትበለኝ?»

«ድሮ እኮ ነይ እያልን እንለምናት ነበር» አለች ሦስተኛዋ። «ዛሬ ማናችንም አልጠራናትም። ደከመና።»

ዳኦን ውሃውን አንሥታ ፈጠን ብላ ሄደች። ቂመኛ አሮጊቶች፣ ልትል ሞከረች፤ ቃሉ አልያዝ አላት። በሴትዮዋ ነጭ ጫማ ፋንታ ዓይኗ ላይ የመጣው ቦሚ ነበረች፤ ወረቀቷን ስታጥፍ፣ ጫፍና ጫፉን ስታስተካክል፣ ቀና ብላ ሳታይ።

ኦክቡን ውሃውን ተቀበሉ፤ ክዳኑን ግን አልከፈቱትም። «አየሻቸው?» አሉ። «ይፈልጉኛል አይደል?»

«አዎ፣ በየቦታው እየፈለጉዎት ነው» ማለት ቀላል ነበር። ግን ይህን ብትላቸው አሮጊቷ መጥተው እስኪለምኗቸው ድረስ እዚያው ወንበር ላይ አንገታቸውን ቀና አድርገው እንደሚቀመጡ ዳኦን ታውቃለች። እሷም ብትሆን ይህንኑ ነበር የምታደርገው።

«አይ» አለች። «አይፈልጉዎትም። ምሳ ሊሄዱ ነው።»

ሽሙጥ ጠበቀች፤ አልመጣም። ኦክቡን ለረጅም ጊዜ ውሃውን ጭናቸው ላይ አገላበጡት።

«ስለ ጫማው አወሩ?»

«አወሩ።»

«ጥሩ ጫማ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «የኔ ልጅ ከደወለ ከርሟል።» ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። «በይ አንሺኝ።»

ክንዷን ይዘው፣ ወጣ ገባውን የድንጋይ ንጣፍና ያነጠፉትን ሁሉ እየረገሙ ሄዱ። ሴቶቹ አሁን ማሽኑ አጠገብ ያለ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ኦክቡን ይቅርታ አላሉም። ከቦርሳቸው በፎይል የተጠቀለለ ስኳር ድንች አወጡና የመጀመሪያውን ነጭ ጫማ ላደረገችው ዘረጉላት።

«ዛሬ ጠዋት የጠበስኩት ነው። ቀዝቅዟል።»

ሴትዮዋ ድንቹን አየችው፤ ቀጥላም ኦክቡንን አየቻቸው። «ማባያ ኪምቺ የለሽም?» አለች በመጨረሻ።

«ደግሞ ምርጫ!»

አንደኛዋ ፈገግ አለች። ባለ ነጭ ጫማዋ ግን አልሳቀችም፤ ብቻ ወንበሩ ላይ አንድ መዳፍ ያህል ገፋ ብላ ቦታ ለቀቀች። ኦክቡን በለቀቀችላቸው ቦታ ላይ በግማሽ ጎን ተቀመጡ።

ማንም ሳያያት ዳኦን ዞር አለች። ሦስቱ ጓደኞቿ አሁንም ኩሬው ዳር ናቸው። ፎቶው ኪሷ ውስጥ ነው፤ እስከ ማታ ድረስ ልትልከውም ልታጠፋውም ትችላለች። አሁን እግሯ ወደ እነሱ እየሄደ ነበር፤ አንድ ዓረፍተ ነገርም አፏ ላይ ተዘጋጅቷል። «ሃንቦክ ለጉንፋን ፍቱን ነው አሉ?» የምትል። ቀኑን ሙሉ ካሰበቻቸው ሁሉ ምርጧ ናት። ሃንቢን ቀጥ ታደርጋታለች፤ ጂዩልን ታስለቅሳታለች።

መጀመሪያ ያየቻት ሃንቢ ናት። በእጇ ሰብስባ የያዘችው ቀሚስ መሬት ላይ ወደቀ። ጂዩል ስልኳን ዝቅ አደረገች። ቦሚ ግን አልሸሸችም፤ አገጯን ከፍ አድርጋ፣ ጥፊ እንደሚጠብቅ ሰው ዓይኗን ጨፈን ከፈት አደረገች።

ያን ጊዜ ዳኦን ዓረፍተ ነገሯን ዋጠቻት።

«ለምን ዋሻችሁኝ?» አለች። ድምጿ ቀጠነባት፣ መጨረሻው ላይም ተሰበረ። አላረመችውም።

ቦሚ ሁለቱን አየቻቸው። «እንዴት እንደምልሽ…» ብላ ጀመረች፤ ተንተባተበች፤ ቃል ጠፋት።

ዳኦን ቃሉን ታውቀዋለች፤ «ሽሙጥሽ ደከመን» የሚል ነው። አልነገረቻትም። ቆማ ጠበቀቻት።