የሥርጉት ወንበር

ሥርጉት ሞታ የተገኘችው ዓይናለም ሰፈር በሚገኘው ቤቷ፣ ሐሙስ ሐሙስ አመሻሽ ላይ የጸሎት ኅብረቱ ሲሰበሰብ በምትቀመጥበት ወንበር ላይ ነበር። ከሐሙሱ ጸሎት በማግስቱ ጎረቤት በሩን ሲከፍት ነጠላዋን እንደተከናነበች፣ አንገቷን ደፍታ የምትጸልይ መስላ አገኛት።

ከወንበሩ ትራስ ሥር መርፌና የኢንሱሊን ብልቃጥ ነበር። ኢንስፔክተር ገላነሽ ግን ዓይኗ የቀረው የሟች ቀሚስ ላይ ነው። በጭኗ በኩል ጨርቁ በጥቃቅን ቀዳዳዎች ተበሳስቷል።

ሰፈሩ ፍርዱን ጨርሷል። የኅብረቱ መሪ ነጋ «ተፈውሰሻል» ብሎ የስኳር መድኃኒቷን አስጥሎ ገደላት ተባለ። ነጋ ጣቢያ አድሮ ጠዋት ገላነሽ ፊት ቀረበ።

«ጣይው አላልኳትም» አለ። «ራሷ ናት ጌታ ፈወሰኝ፣ መርፌዬን ጣልኩ ብላ የመሰከረችው። እኔማ ደስ ብሎኝ ምስክርነቷን በየቤቱ አወራሁ።»

«ከዚያ በኋላ ስትወጋ አይተሃታል?»

«በፍጹም።»

የኅብረቱ አባል የሆነው የዩኒቨርሲቲ መምህሩ ወንድሜነህም መልሱ ያው ነው። «እኔ ለጸሎት ከጨፈንኩ ጨፈንኩ ነው፣ ኢንስፔክተር። ከበር ላይ ጫማዬን ቢወስዱ አላይም። አንዴም ወስደውብኝ በእህት ለተመድህን ነጠላ ጫማ እስከ ዓዲ ሓቂ ሰፈር ሄጃለሁ።»

አጠገቡ የተቀመጠችው ለተመድህን አልሳቀችም። ክረምት ላይ ልጇን ከቀበረች ወዲህ ሳቅ አታውቅም። «ጸሎት ላይ ማን ያያል?» አለች ብቻ።

ብልቃጡ ተመረመረ። ውስጡ ያለው ውሃ ነበር።

ገላነሽ ሦስቱንም በሟች ቤት ሰበሰበቻቸው። ብልቃጡን ወደ ትራሱ ሥር መልሳ እሷ ራሷ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

«እንደ ሐሙሱ ጸልዩ። ሁላችሁም ድምፃችሁን አውጥታችሁ።»

ጸሎቱ ክፍሉን ሞላው። የጎደለው የሥርጉት ድምፅ ግን እንደ ብርድ በመሃላቸው ይዞር ነበር። ገላነሽ ወንበሩን ሳታንቀጫቅጭ፣ ልብሷም ሳይንኮሻኮሽ፣ እጇን ወደ ትራሱ ሥር ሰደደች። ብልቃጡን አወጣች።

አንዱ ድምፅ ቀጥ አለ።

«ይበቃል» አለች ገላነሽ። «ሥርጉት ተፈወስኩ ካለች በኋላ እውነቱን ማውጣት አፈረች። ብቻዋን ብትሆን ቀሚሷን ገልባ ትወጋ ነበር። በቀሚስ ላይ የሚወጋ፣ ሰዎች መሃል ተደብቆ የሚወጋ ነው። የመርፌዋ ሰዓት ከጸሎታችሁ ጋር ይገጥማል፤ እናንተ ስትጨፍኑ በነጠላዋ ሥር ትወጋለች። እንግዲህ ምስጢሯን የሚያውቅ፣ መድኃኒቱንም በውሃ የሚቀይር፣ በጸሎት መሃል ዓይኑን የሚገልጥ ሰው ብቻ ነው። አሁን ብልቃጡን ሳወጣ ነጋም ወንድሜነህም አላቋረጡም። ዝም ያልሽው አንቺ ነሽ፣ ለተመድህን ሓፍተይ፣ እህቴ።»

ለተመድህን አላስተባበለችም።

«ልጄም ስኳር ነበረባት» አለች። «የሥርጉትን ምስክርነት ሰምቼ መርፌዋን አስቆምኩ። እስክትሞት ድረስ ‹ማይ፣ ኣደይ፣ ማይ› እያለች ውሃ ትለምነኝ ነበር። ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን ትመጣለች፤ ያንኑ ውሃ ትለምነኛለች። ስለዚህ አልጨፍንም። አንድ ሐሙስ ዓይኔን ገልጬ ስቀመጥ፣ ተፈወስኩ ያለችው ሥርጉት ስትወጋ አየኋት።» ድምፅዋ ወረደ። «በልጄ ብልቃጥ ውሃ ሞልቼ ቀየርኩባት።»

ነጋ ነፃ ነህ ሲባል አልተነሳም። ያንን ምስክርነት ወደ ለተመድህን ቤት ይዞ የሄደው እሱ ነበር። ሊወስዷት ሲሉ በደከመ ድምፅ «እንጸልይ» አለ።

ማንም ዓይኑን አልጨፈነም።