በመርፌ የተያዘ ወረቀት

«አሁንስ ሠራ?» አለ አጎቷ ከጀርባዋ ቆሞ።

«ሠርቷል፣ ጋሼ።»

ልጅቷ ከጠዋት ጀምሮ ከአጎቷ መጋረጃ ስፌት ቤት ጥግ አልተነሳችም። ሊጣል የነበረው አሮጌ ኮምፒውተር አሁን ሰርቨር ሆኗል። ሠራተኞቹ በስልካቸው የሚላላኩት መልእክት ያለ ኢንተርኔት፣ ከዚህ ግቢ ሳይወጣ እዚሁ ይቀመጣል። አጎቷ «ትእዛዝ ላንብብ ብለው ስልክ ከከፈቱ በዚያው ቀለጡ» እያለ ሲማረር ነው የከረመው።

እስከዛሬ በማሽኑ ጫጫታ መደማመጥ ስለማይቻል፣ ከቆራጮች ወደ ሰፊዎች፣ ከሰፊዎች በካውያ ወደሚተኩሱት ተኳሾች ወረቀት በመርፌ ጨርቅ ላይ ተሰክቶ ይሄድ ነበር። ያልታጠፈው የሥራ ነው፣ ማንም ያነበዋል። የታጠፈውን ግን ከባለቤቱ በቀር የሚከፍት የለም። ይህን ሕግ ማን እንዳወጣው የሚያውቅ የለም፤ ያፈረሰውም የለም።

አጎቷ ድምፁን ቀነስ አደረገ። «ሁለት ሰዎች ለብቻቸው የሚጻጻፉትንም እኔ እንዳይ አድርጊልኝ። ለማንም እንዳትተነፍሺ።»

«እሺ» አለችና አበራችው። አንድ ንክኪ ብቻ ነበር።

እሺ ማለት ቀሏታል። አባቷ ጥሏቸው ስለመሄዱ ለወንበር ጓደኛዋ የጻፈችውን ያቺው ጓደኛዋ ለክፍሉ ጮክ ብላ ካነበበችው ሦስት ሳምንት ሆነ። ሁሉም ሳቁ፤ እሷም አብራ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ እንኳን ልታለቅስ፣ የምትበላው እንኳ አይጣፍጣትም። ሰው ሲያናግራት ከሩቅ የሚያወራ ይመስላታል።

ተኳሿ መጋረጃ ተሸክማ ገባች። «እንፋሎት» ነው የሚሏት። የሰፈሩን ወሬ ሳትለቅም ውላ የማታውቅ ሴት ናት።

«ከእናትሽ ነው» ብላ የታጠፈ ወረቀት ሰጠቻት። እናቷ ከሰፊዎቹ አንዷ ናት። መርፌው እንደተሰካ ነው።

«አላዩትም?»

«የታጠፈ እኮ ነው። ምን ቆርጦኝ!»

ልጅቷ መርፌውን ነቅላ ገለጠችው። የእናቷ ጽሕፈት ነው፣ «ዛሬም ምሳሽን አልነካሽም። የትምህርት ቤቱን ነገር ለአጎትሽም አልነገርኩትም። የቀረውን ስትፈልጊ ትነግሪኛለሽ።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ፈራች፣ ደግሞም በራሷ ተናደደች። ከሦስት ሳምንት ወዲህ አንዳች ነገር ሲሰማት የመጀመሪያዋ ነበር።

«በይ፣ ለሠራተኞቹ እንኳን ደህና መጣችሁ ብለሽ ጻፊላቸው» አለ አጎቷ ከበሩ ላይ ሆኖ።

አጎቷ የሚያይበትን ላጥፋው ብላ አሰበች። ግን ብታጠፋው ነገ ሌላ ሰው ጠርቶ ያስበራዋል፣ ማንም ሳያውቅ። ደግሞ አባቷ ከሄደ ወዲህ እሷና እናቷ የሚኖሩት በዚሁ በአጎቷ ቤት ነው።

«እንኳን ደህና መጣችሁ» ብላ ጻፈች። ከሥሩ ቀጠለች፣ «እዚህ የምትጽፉትን ሁሉ፣ ለአንድ ሰው ብቻ የላካችሁትንም ጭምር፣ አጎቴ ማንበብ ይችላል። የግላችሁን እንደ ድሮው በወረቀት ላኩ።»

ላከችው።

በስፌት ክፍሉ ስልኮች ተከታትለው ጮኹ። ማሽኖቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። በመጨረሻ የአጎቷ ኪስ ውስጥ ያለው ጮኸ።

የእናቷን ወረቀት መልሳ አጠፈችና በመርፌው ደረቷ ላይ፣ ከሹራቧ በውስጥ በኩል ሰካችው። ከዚያ ወንበሯን ወደ አጎቷ አዙራ፣ አንብቦ እስኪጨርስ ጠበቀችው።