የባሎቴ ጭምብል

ባሎቴ ወደዚህ መንደር የመጣችው በክረምት ነው። ከእናቷ በቀር የምታውቀው ሰው አልነበረም።

ዝናቡ ይዘንባል። ከየቤቱ አንድ ድምፅ ይሰማል። «ኳ! ኳ! ኳ!»

ሰዎቹ የእንጨት ጭምብል እየጠረቡ ነው። ዝናቡ ሲያበቃ ሁሉም ጭምብሉን አጥልቆ ይጨፍራል።

«የእኔስ ጭምብል?» አለች ባሎቴ።

«እዚህ አገር ጭምብል የሚሠራልሽ ጎረቤት ነው አሉ» አለች እናቷ። «እኛ ደግሞ ገና እንግዶች ነን፣ ልጄ።»

ባሎቴ በር ላይ ተቀመጠች። ልጆች እየሮጡ አለፉ። አንዱም አልቆመም።

«እንግዲያው ራሴ እሠራለሁ!»

አንድ የዋንዛ ቁራጭ አገኘች። እናቷ ያዘችላት።

«ኳ! ኳ! ኳ!» ሁለት ዓይን ወጣ።

«ኳ! ኳ! ኳ!» አንድ አፍንጫ ወጣ።

ማንም መጥቶ አላየላትም።

ጭምብሉ ያምራል። ባሎቴ አጠለቀችው።

ጨለማ! የጭምብሉ ዓይኖች ግንባሯ ላይ ቀሩ።

«ወይኔ፣ አፍንጫዬ!»

«ኪ ኪ ኪ!» ከአጥሩ ወዲያ አንዲት ልጅ ሳቀች። ጎረቤቷ ጋሎሬ ናት። በእጇ ክር ይዛለች።

«ማን ለካሽ?» አለች ጋሎሬ።

«ማንም። ፊቱ እኮ የራሴ ነው!»

«ቢሆንም አታዪውም!»

ባሎቴ ጭምብሉን አወለቀች። ቀስ ብላ ጠየቀች፦ «አንቺንስ ማን ለካሽ?»

ጋሎሬ ክሩን ጣቷ ላይ ጠመጠመች። «ከእናንተ በፊት እዚህ ቤት የነበረችው ጓደኛዬ ነበረች የምትለካኝ። አሁን ሄዳለች።»

«ታዲያ ለምን አልመጣሽም?»

«አልጠራሽኝማ!»

«ነይ» አለች ባሎቴ።

ጋሎሬ መጣች። ክሩን ከባሎቴ ግንባር እስከ ዓይኗ ዘረጋችና ቋጠረችው። ከዓይኗ እስከ አፍንጫዋ ዘረጋችና ቋጠረችው።

«አትሳቂ፣ ይዛባል!»

ከዚያ ባሎቴ በተራዋ ጋሎሬን ለካች።

«ኳ! ኳ! ኳ!» ባሎቴ ለጋሎሬ ጠረበች።

«ኳ! ኳ! ኳ!» ጋሎሬ ለባሎቴ ጠረበች።

ዝናቡ አበቃ። ከበሮው ተመታ። «ድም! ድም! ድም!»

ባሎቴ ጭምብሏን አጠለቀች። በሁለቱ ቀዳዳዎች ሁሉንም አየች። ጋሎሬንም አየች።

የመጀመሪያው ጭምብልስ? አንዲት ዶሮ ተኝታበታለች። እንቁላልም ጥላበታለች።

ሲመሽ ባሎቴ ተኛች። ቤቱ ጸጥ አለ፣ ልክ እንደመጡበት ቀን።

እጇን ዘርግታ ግድግዳውን መታች። «ኳ!»

ጠበቀች።

ከጎረቤት ቤት መልስ መጣ። «ኳ!»