ኬላ ላይ የተባለ ቃል

ኤሌኒ የመጣችው ለሦስት ሳምንት ነበር። ከኢትዮጵያዊት እናት ናይሮቢ ተወልዳ እዚያው አደገች፤ አማርኛዋ የእናቷ ጓዳ ያስተማራት ነው፤ ሙያዋ አዋላጅ ነርስነት ነው። ጓደኞቿ ዶክተር ጆሴፍና ባለቤቱ ዋንጂሩ ደግሞ ኬንያውያን ናቸው፤ ኤሌኒም አባል በሆነችበት በፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ተልከው በሚሲዮናዊነት ከመጡ ወዲህ ከዳባት ወጣ ብላ ባለች የደጋ መንደር ትንሽ ክሊኒክ ይመራሉ። «ነይና ኑሯችንን እዪ» እያሉ ሲወተውቷት ከርመው በታኅሣሥ መጣች።

ኑሮው በስልክ እንደሚያወሩላት አልነበረም። አመዳዩ ከጣሪያው ሳይለቅ ይነሳሉ። ጸልየው በሩን ሲከፍቱ ሕመምተኛው ጋቢውን ተከናንቦ አጥሩ ሥር ይጠብቃቸዋል። ዋንጂሩ ውሃ ታስቀዳለች፣ መቀስና መቆንጠጫ ትቀቅላለች፤ ሲመሽ በገብስ ዱቄት ያገሯን ጠጣር የበቆሎ ምግብ፣ ኡጋሊ፣ ልትሠራ ትሞክርና ገንፎ ይሆንባታል። ያገሩን አነጋገር ስለለመደች ሁሉ ነገር ለእሷ «ሸጋ» ነው፤ የያዛት ጉንፋን ሳይቀር። ከመንደሩ ሰው ግማሹ ይወዳቸዋል። ግማሹ «ሃይማኖት ሊያስለውጡን ነው» እያለ በሩቁ ያያቸዋል።

አላምረውን ያገኘችው በመጀመሪያው ቀን ነው። ክሊኒኩ በር ላይ፣ መዝገብ ላይ አቀርቅሮ ነበር።

«ተራሽን ጠብቂ፣ እህቴ» አላት ቀና ሳይል።

«ስንተኛ ነኝ ታዲያ?»

የአነጋገሯ ቃና ገረመውና ቀና አለ። ቀና ካለ በኋላ ግን ወደ መዝገቡ መመለሱን ረሳው።

አላምረው የክሊኒኩ ነርስ፣ የደብሩ ዲያቆን ነው። እሑድ ይቀድሳል፣ ሰኞ ቁስል ያጥባል። አብረው ሲሠሩ ብዙ አያወሩም ነበር። እሷ እጇን ስትዘረጋ እሱ የምትፈልገውን ዕቃ ያቀብላታል፤ ጣቶቻቸው ሲነካኩ ሁለቱም ሌላ ሌላ ያያሉ። አመሻሽ ላይ እስከ ዋንጂሩ ደጅ ይሸኛትና «ደህና እደሪ» ለማለት ብዙ ጊዜ ይፈጅበታል።

ዋንጂሩ አንድ ቀን እጇን ይዛ አስቀመጠቻት።

«ከጥምቀት በኋላ ሊያጋቡት ነው። አባቱ ቄስ ሐብተ ማርያም አርጅተዋል፤ በእግራቸው የሚተካው እሱ ነው። ዲያቆን ደግሞ ሳያገባ አይቀስስም። ለዳባቱ ቄስ ልጅ ሽማግሌ ልከዋል።»

ኤሌኒ በማግሥቱ መድኃኒት ክፍል ውስጥ አገኘችው።

«ምነው አልነገርከኝም?»

«እሺ አላልኩም።»

«እምቢስ ብለሃል?»

አላምረው ፊቱን ወደ መድኃኒቱ መደርደሪያ አዞረ። እሷም ተጨማሪ ቃል ሳትጠይቅ ወጣች። ከዚያ ወዲያ ዕቃ ስታቀብለው እንኳ ጠረጴዛው ላይ እያኖረችለት ነበር።

በዚያው ሳምንት ጸሎት የምትባል ወጣት በቃሬዛ መጣች። ምጥ ከያዛት ውላ አድራለች፤ ደም ይፈሳታል። ጆሴፍ ለሥራ ጎንደር ወርዶ ነበር። ኤሌኒ ሆዷን ዳስሳ ቀና ስትል ፊቷ ተለዋውጧል።

«ልጁ ተጋድሟል። ኦፕራሲዮን ካልሆነች ሁለቱንም እናጣለን።»

«መንገዱ ተኩስ አለበት ይላሉ» አለ አላምረው።

ዋንጂሩ መልስ ሳትሰጥ የመኪናውን ቁልፍ አነሳች።

ጸሎትን ኋላ አስተኟት። እናቷ ወይዘሮ እጅጋየሁ ራሷን፣ ኤሌኒ እጇን ያዙ። አላምረው ከፊት ተቀምጦ፣ ዋንጂሩ እየነዳች ዳባትን አለፉ። ጥቂት እንደሄዱ ድንጋይ የተደረደረበት ኬላ አስቆማቸው። ታጣቂዎቹ ወጣቶች ናቸው፤ ዓይናቸው እንቅልፍ አጥቷል። ዋንጂሩን «የዶክተሩ ሚስት» ብለው አወቋት። የኤሌኒን ፓስፖርት ግን አንዱ አገላብጦ አየው።

«መልኳ የኛ፣ ወረቀቷ የሰው አገር። ምንድን ናት ይህቺ?»

«ነርስ ነኝ። ሴትየዋ እየደማች ነው፣ እባክህ—»

«አማርኛዋን ስሙልኝ! ትውረድ። እናንተ እለፉ።»

ጸሎት የኤሌኒን እጅ አልለቅም አለች። ታጣቂው በሩን ከፈተ። ያኔ አላምረው ከፊት ወንበር ወርዶ በመሃል ቆመ።

«እጮኛዬ ናት።»

«ያንተ?»

«የቄስ ሐብተ ማርያም ልጅ ነኝ። እጮኛዬ ናት።»

ታጣቂው ከእግር እስከ ራሱ አየው። «ዲያቆን አይደለህ እንዴ አንተ? በዲቁናህ እንዳትዋሽ።»

«በዲቁናዬ አልዋሽም።»

ኤሌኒ ከኋላ የምታየው ማጅራቱን ነው፤ በዚያ ብርድ አልቦታል። ታጣቂው ፓስፖርቱን ወረወረላትና ድንጋዩን እንዲያነሱ በእጁ ምልክት ሰጠ።

በቀጥታ ጎንደር ገቡ። ሆስፒታሉ ጸሎትን ተቀብሎ ኦፕራሲዮን አደረጋት። ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ወጥቶ «እናትም ልጅም ተርፈዋል» ሲል ኤሌኒ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። አላምረው አጠገቧ ተቀመጠ።

«ስላተረፍከኝ አመሰግናለሁ» አለችው። «ግን ቃሉን እመልስልሃለሁ። ለእኔ ስትል የተናገርከው አይሰርህ።»

ሊመልስላት ሲል ወይዘሮ እጅጋየሁ ከወዲያ ስልክ ላይ ስትጮህ ተሰማ። «ልጄ ተርፋለች! አዎ፣ ወንድ! ደግሞ ስሚኝማ፣ የቄሱ ልጅ ያችን ነርስ አጭቷታል…»

በማግሥቱ ረፋድ መንገዱ ሲከፈት፣ ወሬው የደረሳቸው ቄስ ሐብተ ማርያም በመጀመሪያው አውቶቡስ መጡ። የሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ፣ አንድ ዛፍ ሥር፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ከኤሌኒ ጋር የቆመውን ልጃቸውን ተመለከቱት።

«ነፍስ ለማዳን ያልከው ነው። ለዚያ ንስሐ አለው። ‹ውሸት ነበር› በል፣ እኔም ለሰዉ እናገራለሁ፤ ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል።»

አላምረው አንድ እርምጃ ወደ አባቱ ቀረበ።

«ውሸት አልነበረም፣ አባቴ። እርስዎ ፊት ለመናገር ፈርቼ ነው እንጂ፣ ኬላው ላይ የተናገርኩት እውነቱን ነው።»

ሽማግሌው ወደ ኤሌኒ ዞሩ።

«አንቺን የጠየቀሽ አለ?»

«የለም፣ አባ።»

«እንግዲያው እኔ ልጠይቅሽ። ውሸት ከሆነ ልጄ በዲቁናው ዋሽቷል። እውነት ከሆነ ክህነቱ ቀረ፤ እኔም እግዜርን ስለምን የኖርኩትን አጣሁ። በየትኛውም የምከስረው እኔ ነኝ። ግን የቱን እንዳጣሁ ልወቅ። እውነት ነው?»

ኤሌኒ አላምረውን አየችው። በጥምቀት ሰሞን ልትሳፈር ነበር። እዚህ ከቀረች የምትለቀውን የናይሮቢ ሆስፒታል ሥራዋን አሰበች፤ የሚዘጋውን መንገድ፣ የሚጠብቃትን የመንደር ሐሜት አሰበች። ከዚያ ሰኞ ሰኞ አብረው የሚያጥቡት ቁስል ታያት።

«እውነት ነው፣ አባ» አለች። «ሃይማኖታችን እንደሚለያይ አውቃለሁ። የመጣሁት ልጅዎን ልነጥቅዎት አልነበረም። ግን እውነት ነው።»

ቄስ ሐብተ ማርያም ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«እኔና አንተ ዳባት እንሄዳለን» አሉ። «ሽማግሌ የላክንባትን ልጅና ቤተሰቧን ቆመን ይቅርታ እንጠይቃለን። ከዚያ በፊት ሌላ ወሬ የለም።»

«እሺ፣ አባቴ።»

ለመሄድ ተነሱና ከልማዳቸው የተነሳ የእጅ መስቀላቸውን አውጥተው ወደ ኤሌኒ ዘረጉ። ወዲያው ትዝ አላቸው። በእሷ ቤተ ክርስቲያን መስቀል መሳለም የለም። ኤሌኒ ምን እንደምታደርግ ጠፍቷት ቀጥ አለች።

ሽማግሌው መስቀሉን ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩት። ከዚያም ባዶውን ቀኝ እጃቸውን ዘረጉላት።

እሷም በሁለት እጇ ያዘችው።